የአፈ ጉባኤው ዱዓ

ሦስት መቶ ሰው በሚመረጥበት ምርጫ ሳይመረጡ መቅረት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ግን ቀርቻለሁ። በሁለት ሺህ ዓመተ ምህረት የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሦስት መቶ ይሁን ሲባል፣ እዚህ ደሴ በኛ ሰፈር በቧንቧ ውሃ ያልታጨ ሰው አልነበረም። ሊስትሮው ተመረጠ፣ አናጺው ተመረጠ፣ ሚሊሻው በሙሉ ተመረጠ፣ የራሱን ልጆች ስም እያምታታ የሚጠራው ጎረቤቴ እንኳ ተመረጠ። እኔ አትጠገብ፣ የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ሻይ የምሸጠው፣ «ምላሷ ለስብሰባ አይመችም» ተብዬ ቀረሁ። ማን እንዳለው አውቃለሁ፤ ይሁን። እነሱ እጅ ሲያወጡና ሲያወርዱ እኔ የሻይ ትሪ ይዤ መሀል መሀላቸው ስዞር ሁሉንም አይቻለሁ።

የማወራችሁ ስለ ጋሽ ሀምዱ ነው። ጋሽ ሀምዱ ትውልዳቸው ኩታበር ነው። ገና ጢም ሳያወጡ ኮምቦልቻ ወርደው አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ከሽመና ማሽኑ ሥር አልጠፉም። ሚስታቸው «ለኮምቦልቻ ሙቀት ደሴን አልለቅም» ስላሉ፣ ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርደው ማታ በሐረጎ ሽቅብ ሲወጡ ኖሩ። ጋቢያቸውን ጠዋት እዚህ ይለብሱታል፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ አጣጥፈው ይታቀፉታል፣ ማታ መልሰው ይለብሱታል። ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ሲንኳኳ የኖረው ማሽን ግራ ጆሯቸውን ጨርሶ ወሰደባቸው። ቀኙ ተርፏል፤ እሱም ደስ ሲለው ነው የሚሰማው።

ጆሮው የሄደ ሰው ደግሞ መጮህ ይወዳል። ጋሽ ሀምዱ ምስጢር ሊነግሯችሁ ሲጠጉ ሽሹ፤ ፒያሳ ድረስ ይሰማል። ግን ያ ድምፅ ዱዓ ላይ ሲሆን ሌላ ነው። ሠርግ ቢሆን፣ ሐዘን ቢሆን፣ የተጣላ ሰው ቢታረቅ፣ እሳቸው ሳይመርቁ የሚበተን ሰው የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ እጁን ያነሳል፣ አንዱ «አሚን» አንዱ «አሜን» ይላል፣ ሲያልቅ ሁሉም ፊቱን ያብሳል። ወሎ ውስጥ ሰው ዱዓ ሲያደርግ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚቆም ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው ወይ ታሟል። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ የበኩር ልጄ ስትታመም ግን መጀመሪያ የሮጥኩት ጋሽ ሀምዱ ቤት ነው፣ ምን አፍራለሁ።

ያ ሦስት መቶ ሰው ከተመረጠ በኋላ ሥልጠና ይሰጠው ተባለ። ከዞን ወንድምአገኘሁ የሚባል ልጅ መጣ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ። ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ ከላይ ወደ ታች ቀስት ሣለ።

«የኛ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው» አለ። «በሌላ አገር ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን ራሱ ይመርጣል። በኛ ግን ሕዝቡ የሚመርጠው ምክር ቤቱን ነው። መሪውን ምክር ቤቱ ከራሱ መሀል ይመርጣል። አዲስ አበባም እንዲሁ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው ፓርላማው ነው። እዚህም ሊቀመንበራችሁን እናንተው ትመርጣላችሁ፣ እሱ ካቢኔውን ይዞ ይሠራል፣ እናንተ ደግሞ ትቆጣጠሩታላችሁ። እምነት ካጣችሁበት በድምፅ ታወርዱታላችሁ።»

ጋሽ ሀምዱ ከፊት ወንበር ቀኝ ጆሯቸውን አስጠግተው ተቀምጠው ነበር። «ምን ሲያጣ ነው የሚወርደው?» አሉ።

«እምነት ጋሼ! እምነት ሲታጣ!»

«ሐቅ ነው!» ብለው ጋሽ ሀምዱ ብድግ አሉ። «ኢማን የሌለው መሪ ይውረድ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወንድምአገኘሁ «እሱ ሌላ ነው፣ እኔ ያልኩት የመተማመኛ ድምፅ ነው፣ ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው» እያለ ቆመ፤ ማን ይስማው። የሳለው ቀስት ግን ጥሩ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ወረቀቱን ለምኜ ወስጄ የሻይ መደርደሪያዬን አለበስኩበት።

ወዲያው አፈ ጉባኤ ይመረጥ ተባለ። ወንድምአገኘሁ አፈ ጉባኤ ማለት ስብሰባውን የሚመራ፣ አጀንዳ የሚያስይዝ፣ ለሁሉም እኩል ዕድል የሚሰጥ ሰው ነው ብሎ ሊያስረዳ ሲጀምር፣ ሞላ አናጺው እጁን አወጣ።

«አፍ ከተባለማ» አለ ሞላ፣ «እንደ ጋሽ ሀምዱ ያለ አፍ ከየት ይመጣል? ምርቃታቸው ይደርሳል። እኔ ቤቴን ስሠራ መርቀውልኝ ይኸው እስካሁን አልፈሰሰም።»

«አፈ ጉባኤ የሚያዳምጥ ሰው መሆን አለበት» አለ ወንድምአገኘሁ ቀስ ብሎ።

«በቀኝ በኩል ከመጡላቸው ያዳምጣሉ» አለው ሞላ።

እንዲህ ሆነው ጋሽ ሀምዱ በሙሉ ድምፅ አፈ ጉባኤ ሆኑ። ሕዝቡ ያን ቀን የመረጠው የሚመርቀውን አፍ ነበር፣ ሌላ የገባው ነገር አልነበረም። ከሁሉ የበለጠ ደስ ያለው ግን ደምለው ነው። ደምለው ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠው ሰውዬ ነው። ክፉ ነው አልልም። ሁሉንም ሴት «እናቴ» እያለ የሚጠራ፣ ሐዘን ላይ የማይቀር፣ የሻዩን ሒሳብ የሚዘጋ ሰው ነው። ነገር ግን መስማት የሚቸግረው አፈ ጉባኤ ሲያገኝ ፊቱ ላይ ያየሁት ፈገግታ ለሠርጉም አልወጣውም።

ምክር ቤቱ ሥራ ጀመረ። አዳራሹ የሚይዘው የአባላቱን እኩሌታ ስለነበር፣ የተረፈው ውጭ ቆሞ በመስኮት ነበር እጅ የሚያወጣው። ጸሐፊዋና ምክትል አፈ ጉባኤዋ እየሩስ የምትባል ልጅ ናት፤ ውስጡን ቆጥራ ትጨርስና መስኮቱን ትቆጥራለች። አንድ ቀን ትሪዬን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጌ ሳልፍ የኔንም ቆጠረችው። «እኔ ሻይ ነኝ!» ብላት «አንዴ ገብቷል» አለችኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ደምለው አጀንዳውን ያነባል። «ጥያቄ አለ?» ይላል፤ አይኖርም። «የምትደግፉ» ይላል፤ እጅ ይወጣል። «የምትቃወሙ?» አይኖርም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ይህን ማን ተርጉሞት። ከዚያ ጋሽ ሀምዱ ይነሱና «እጃችሁን አንሱ» ይላሉ፤ ሁሉም መዳፉን ይዘረጋል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ፊት ይታበሳል፤ ሰው ወደኔ ሻይ ይጎርፋል። ከዞን የመጣ አንድ ኃላፊ «ይሄ ምንድነው?» ቢል ደምለው «ባህል ነው» አለው። እኔም ሻዩን ጣፈጥ አድርጌ ሰጠሁት።

አሁን ወደ ሳሊሃ ልምጣ። ሳሊሃ ጎረቤቴ ናት። ባሏ የሱፍ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር፤ ሞቶባት ከሁለት ልጆች ጋር የቀረችው በአንዲት የቀበሌ ቤት ነው። ቤት ስላችሁ አንድ ክፍል ናት፤ ግን በሯ አስፋልቱ ላይ ነው የሚከፈተው። ሳሊሃ እዚያ በር ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። የሷን ሳምቡሳ ሳይቀምስ ያደገ የቧንቧ ውሃ ልጅ የለም። ያ በር ባይኖር ልጆቿን በምን እንደምታሳድግ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ደምለው ደግሞ ከተሾመ ጀምሮ ያን በር ዓይኑን ጥሎበታል። ለጥቃቅን ማኅበር የኢንተርኔት ቤት ይሁን የሚል ሐሳብ ነበረው። የማኅበሩ ሰብሳቢ የሚስቱ እህት መሆኗን እኔ አልነገርኳችሁም።

በክረምቱ መግቢያ በነበረው ስብሰባ መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል አጀንዳ መጣ። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ሞልቶታል፣ ሰው በርዶታል፣ ሁሉም ወደ ሻይ ማንቆርቆሪያዬ ያያል። ደምለው ወረቀቱን በአንድ ትንፋሽ አነበበው፦ «በዋና መንገድ ዳር ያሉና ከልማት አንጻር ተገቢ አገልግሎት የማይሰጡ የቀበሌ ቤቶችን ነዋሪ በማስለቀቅ ለሥራ ዕድል ፈጠራ ማዋል።» የማንም ስም አልተጠራም። መንገድ ዳር ያለች የቀበሌ ቤት አንዲት መሆኗን ማን አሰበው? «የምትደግፉ» አላለም። «የምትቃወሙ» አላለም። ጎንበስ ብሎ በጋሽ ሀምዱ ቀኝ ጆሮ «ጋሼ፣ ይመርቁን» አላቸው።

ጋሽ ሀምዱ ከንባቡ አንዲት ቃል አልሰሙም። «እጃችሁን አንሱ!» አሉ። ሦስት መቶ ሰው እጁን አነሳ።

«ያ ረቢ! ቤት ላጣ ቤት ስጠው!»

«አሚን!»

«የተዘጋበትን በር ክፈትለት!»

«አሚን!»

«የየቲሙን፣ አባት የሌለውን፣ ባል የሞተባትን ጓዳ ሙላ!»

«አሚን!»

እየሩስ ቀና ብላ አዳራሹን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ደምለውን አየች። ደምለው ራሱን ነቀነቀላት። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለች። ሰው ፊቱን አብሶ ወደ ሻይ ወጣ። ሳሊሃ ራሷ አባል ነበረች፤ መስኮቱ ጋ ቆማ ሁለቱንም እጇን ዘርግታ አሚን ስትል አይቻታለሁ።

ቤቱን ልቀቂ ተብሎ ሲነገራት መጀመሪያ የመጣችው እኔ ጋ ነው። አላለቀሰችም። «አትጠገብ፣ ምክር ቤቱ ወስኖብሻል አሉኝ፤ እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ፣ መቼ ነው የተወሰነው?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ጋሽ ሀምዱ አጠገባችን አግዳሚው ላይ ሻይ ይጠጡ ነበር። በቀኝ ጆሯቸው በኩል ሄጄ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።

«የትኛው ስብሰባ?»

«እርስዎ እጅ ያስነሱበት።»

«እኔ ያስነሳሁት ለዱዓ ነው።»

«እነሱ ለቤቱ ነው የቆጠሩት ጋሼ።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሳሊሃን አዩ፣ መልሰው መዳፋቸውን አዩ። የፋብሪካ ሰው እጅ ስለሆነ መዳፋቸው ጠባሳ በጠባሳ ነው። «ወላሂ» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ አልፎ አልተሰማም። «በዱዓዬ ነው ያስወጧት?»

ጋቢያቸውን እየጎተቱ ደምለው ቢሮ ገቡ፤ እኔም ሻይ የሚጠጣ ሰው አለ እንደሆን ለማየት ተከተልኩ። አልነበረም።

«ልጄ፣ ያ ዱዓ እንጂ ድምፅ አልነበረም» አሉት።

ደምለው ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው። ትሁት ነው አላልኳችሁም? «ጋሼ፣ ደንቡ እጅ በማንሳት ይወሰናል ነው የሚለው። በምን ሐሳብ እንደተነሳ አይልም። እጅ እጅ ነው።»

«እንግዲያስ ሻረው።»

«እኔ? እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? የምክር ቤት ውሳኔ እኮ ነው። እኔ ለምክር ቤቱ ተጠሪ ነኝ። ምክር ቤቱ ይሻረው።»

«ምክር ቤቱን ጥራው።»

«አጀንዳ የለም ጋሼ። ወይ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራልን ካለ ነው።»

ጋሽ ሀምዱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። በዚያ ክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ በጡረታ ጉልበታቸው ፊርማ ለመሰብሰብ ቤት ለቤት ዞሩ። እኔም ጆሮ ሆኜ አብሬ ዞርኩ፤ ሻዬ ቀዘቀዘ። ስብሰባው ይጠራ ለማለት ሰው አልሰነፈም፤ መጥራት መቃወም አይደለማ። «ውሳኔው ይሻር ሲባል እጅህን ታወጣለህ ወይ?» ሲሉ ግን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አንዱ «ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን እኔ አባል ነኝ» አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። የምክር ቤት አባልነቱን አይደለም፤ የፓርቲውን ነው። ሦስት መቶው አባል ነዋ! ሞላ አናጺው ቤት ስንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አንተ፣ ሊቀመንበሩን የምትቆጣጠረው አንተ አይደለህም ወይ?» አልኩት።

«በምክር ቤት እኔ እቆጣጠረዋለሁ» አለ ሞላ። «በፓርቲ ደግሞ እሱ ይቆጣጠረኛል።»

«ታዲያ ማን ይቀድማል?»

«የፓርቲው ስብሰባ ሰኞ ነው፣ የምክር ቤቱ ማክሰኞ» አለኝ።

ሥልጠናው ላይ ያን ቀስት ሲሥል ይሄን ያልነገረን ያ ልጅ ምን ነክቶት ነው? መንግሥት የሚሆነው ብዙ ወንበር ያለው ፓርቲ ነው፤ ብዙ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ደግሞ አለቃው ያለውን ይሰማል። ሌላ አገርም ቢሆን እንዲሁ ነው ይላሉ፤ እዚያ ግን ማዶ ተቀምጦ የሚጮህ ተቃዋሚ የሚባል አለ። እኛ ጋ ማዶ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ትሪ ይዤ።

ፊርማው ሞላ፣ ስብሰባው ተጠራ። ሰኞ ፓርቲው ጋሽ ሀምዱንና ሳሊሃን ሳይጠራ ተሰበሰበ። ማክሰኞ ጠዋት ሞላ አንገቱን ደፍቶ መጣና ሻይ ሳያዝ ቆመ። «ወስነናል» አለኝ። «አጀንዳ አንድ፣ አፈ ጉባኤውን በጤና ምክንያት ማንሳት። እሳቸው ከወረዱ አዲሱ አፈ ጉባኤ ስብሰባውን ይዘጋል። የሳሊሃ ነገር አይደርስም።»

ሮጥኩ። ጋሽ ሀምዱ ደጃፋቸው ላይ ነጭ ጥምጣማቸውን እያሰሩ ነበር። በቀኝ ጆሯቸው፣ እንዳልጮህ ጎረቤት አለ፣ ፈጥኜ ነገርኳቸው፦ ዛሬ ሊያወርዱዎት ነው፣ እጁ የሚነሳው በእርስዎ ላይ ነው። «እሺ፣ እሺ» አሉኝ፤ ያልሰሙትን ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት። ከዚያ ጥምጣማቸውን አስተካክለው መንገድ ጀመሩ።

አዳራሹ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም፤ መስኮቶቹ ጢም ብለዋል። ሳሊሃ በሩ ጋ፣ ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ ቆማለች። ጋሽ ሀምዱ መድረኩ ላይ በአፈ ጉባኤ ወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ ደምለው ከጎናቸው ነው። እኔ ትሪዬን ይዤ ደምለው አጠገብ ነበርኩ። ጉዳዩ ራሳቸውን ስለሚመለከት ምክትሏ እየሩስ ስብሰባውን መራች። ራሷን ከወረቀቱ ሳታነሳ አነበበች።

«በአፈ ጉባኤው ላይ እምነት የሌላችሁ፣ እጃችሁን አንሱ።»

በጋሽ ሀምዱ ላይ እምነት የሌላችሁ! ወይ አለማፈር! በዚያ ቤት ውስጥ ልጁን ያላስመረቀ፣ በሳቸው ከሚስቱ ያልታረቀ ማን ነበር?

መጀመሪያ የደምለው እጅ ወጣ። ቀጥሎ የፊት ወንበሩ፣ ቀጥሎ መሀሉ፣ ቀጥሎ መስኮቱ። ግን እጁን ቀጥ አድርጎ ያነሳ የለም። አፍረዋላ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ክርኑን እጎኑ ለጥፎ፣ መዳፉን እስከ ደረቱ ብቻ ከፍ አደረገ። አንዳንዱ አንድ እጅ ማንሳት ከብዶት ሁለቱንም ዘረጋ። ሳሊሃ ብቻ ልጆቿን ይዛ ቀረች።

ጋሽ ሀምዱ አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ቀስ ብለው ተነሱ። ሊከላከሉ ነው፣ ሊለምኑ ነው ብዬ ልቤ ፈራ። የሳቸው ጠባሳማ መዳፎች ወደ ላይ ተዘረጉ።

«ያ ረቢ!»

እየሩስ መቁጠሯን አቆመች።

«ይህን ሁሉ እጅ አየኸው!»

«አሚን» አለ አንድ ሰው ከመስኮት፤ ልማድ ነው፣ አፉ ቀድሞት።

«አንተ ቁጠረው!»

«አሚን!» አለ ግማሹ አዳራሽ።

«ይህ ወዳንተ የተነሳ እጅ፣ የሳሊሃን በር ለመዝጋት አይዘርጋ!»

አሁን ሁሉም ነቃ። ፊታቸውን እያየሁ ነው። እጅ ተነስቷል፣ ዱዓው ተጀምሯል፤ ማውረድም አይሆን፣ ዝም ማለትም አይሆን። አንዲት አሮጊት ከኋላ «አሚን ያረቢ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ አዳራሹ እንደ አንድ ሰው «አሚን!» አለ፣ ግድግዳው ደገመው። የደምለው ከንፈርም ተንቀሳቀሰ። አጠገቡ ነበርኩ። ማርያምን፣ አሚን ብሏል።

«በዚያች ቤት ላይ እጁን የዘረጋ ካለም፣ ሳይከፋው በሰላም ሰብስብለት!»

«አሚን!»

ጋሽ ሀምዱ ፊታቸውን አበሱ። ሁሉም ፊቱን አበሰ። ከዚያ ወንበሩን በእጃቸው ወደ ጠረጴዛው አስጠግተው፣ ከመድረኩ ወርደው፣ ወጥተው የኔ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እየሩስ ወረቀቷን ገለበጠችና «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለች። ምኑ እንደጸደቀ የጠየቃት የለም። አዲስ አፈ ጉባኤ ተመረጠ፣ ስብሰባው ተዘጋ፣ የሳሊሃ አጀንዳ እንደተባለው አልደረሰም። ስለዚህ ያ ውሳኔ አልተሻረም፤ ቤቱን ልቀቂ የሚለው እንደጸና ነው።

በነጋታው ደምለው ቤቱን አሽጉ ብሎ ሚሊሻ ላከ። ሚሊሻው ሳሊሃ በር ድረስ ሄዶ፣ ሳምቡሳ በልቶ ተመለሰ።

«እኔ ትናንት እጄን አንስቻለሁ» አለ።

«በየትኛው?» አለው ደምለው።

«በቀኜ። በግራዬ ጠመንጃ ይዤ ነበር።»

«በግራህ ቆልፍ እንግዲህ!»

«በግራ ሥራ አይጀመርም ጌታው።»

ሞላ ተጠራ፤ በሩን ንቀል ተባለ። «እኔ ሁለቱንም ነው ያነሳሁት» አለ። የቀን ሠራተኛ ተፈለገ፤ የቀን ሠራተኛውም የምክር ቤት አባል ነው። ሦስት መቶ ሰው መምረጥ እንዲህ ያደርጋል፤ ቀበሌው ውስጥ መዶሻ የሚጨብጥ እጅ ሁሉ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበር። እየሩስ ቀስ ብላ «እርስዎ ራስዎ ቢቆልፉትስ?» አለችው። ደምለው መዳፉን ገልብጦ አየው፣ ከዚያ ኪሱ ከተተው።

ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ጓጉንቸር ይዟል። ሻይ አዘዘ፣ አልጠጣውም።

«አትጠገብ፣ እናቴ» አለ። «አንቺ አባል አይደለሽም አይደል?»

«አይደለሁም። ምላሴ አይመችም ተባልኩ እኮ።»

«በዚያ ላይ እጅሽ ላይ ትሪ ነበር።»

ገባኝ። ከሳሊሃ ሌላ በዚያ ቀበሌ ሙሉ ያልተነሳ እጅ የኔ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ! «አንተ ሰውዬ፣ ስትመርጡ ጊዜ ምላሴን ብቻ አያችሁ፣ ዛሬ ደግሞ እጅ አበቀልኩ?» አልኩት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማኝ። «አምጣው!»

ተቀበልኩት። ደምለው ዕፎይ ብሎ ሄደ፤ መውሰዴን አየ እንጂ የት እንደምወስደው አልጠየቀም። ትሪዬን አስቀመጥኩና አስፋልቱን ተሻግሬ ሳሊሃ ጋ ሄድኩ። ዘይቷ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ጓጉንቸሩን ስታይ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። «ያዢ፣ ያንቺ ነው፤ የድሮው ዝጓል» አልኳት። ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሳምቡሳውም አረረ። እስከ ዛሬ ገበያ ስትሄድ በሯን የምትቆልፈው በሱ ነው፤ አንዱ ቁልፍ እሷ ጋ ነው፣ ሌላው እኔ ጋ።

ደምለው ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ፤ እድገት ነው አሉ። ጋሽ ሀምዱ ምንም እንዳልተፈጠረ በየቀኑ አግዳሚዬ ላይ እየተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ሳሊሃ በር አድርገው ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ። አንድ ቀን ማንም በሌለበት ቀኝ ጆሯቸው አጠገብ ጎንበስ አልኩና «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የዚያን ዕለት እጁ የተነሳው በእርስዎ ላይ መሆኑን ሰምተው ነበር ወይ?» አልኳቸው።

ጋሽ ሀምዱ ሳምቡሳቸውን አላመጡ። ከአስፋልቱ ማዶ ሳሊሃን አዩዋት፤ ትንሿ ልጇን ፀጉሯን እየሠራቻት ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞሩና ግራ ጆሯቸውን ሰጡኝ።

«ምን አልሽ?» አሉኝ።